ያልተዘመዘመው ጫፍ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የስፌት መኪና ላይ የምቀመጥ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው ቤቷ ስትሸኘኝ ፀጉሬን አበጥራ የራሷን ነጭ ሻሽ አሰረችልኝና «እንግዲህ የመኪና ሰፊ ሆንሽ» አለችኝ። ከወላይታ ከመጣሁ መንፈቅ አልሞላኝም። ሐዋሳን ያኔ ሁላችንም አዋሳ እንላት ነበር፤ ሰው ሁሉ ጓድ የሆነበት ዘመን ነው።

የልብስ ስፌት ማኅበሩ ከገበያው ጀርባ ያለ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። በሩ ላይ ጋሽ ከድር የሚባሉ ቀጭን ሰው ተቀበሉኝ። አንገታቸው ላይ ሜትር አንጠልጥለው ጆሯቸው ላይ ጠመኔ ሰክተዋል። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና መርፌ፣ ክርና መዳፍ የምታህል አቡጀዲ ሰጡኝ። «ዙሪያዋን ዘምዝሚ» አሉ። ዘመዘምኩ። አገላብጠው አይተው በምላጭ ተረተሩት። «እንደገና።» እንደገና ዘመዘምኩ፣ እንደገና ተረተሩት። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እኔ እዚያችው ጨርቅ ላይ ነበርኩ፤ የአክስቴ ሻሽም እንባ መጥረጊያ ሆኗል።

«አታልቅሺ ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ። «ጫፉ የተከፈተ ጨርቅ ከዚህ በር አይወጣም። ይህን ከያዝሽ ሌላውን ቀስ እያልሽ ትለምጂዋለሽ።» ያን ቀን ጠላኋቸው። ወር ሳይሞላ ግን እንደ አባቴ የማያቸው ሰው ሆኑ።

ቤቱ ውስጥ ማዕረግ ነበረ። ከላይ ቆራጭ ነው፤ መቀሱን ሌላ ሰው እንዲነካበት አይፈቅድም። ቀጥሎ የመኪና ሰፊዎች፣ ከዚያ ተኳሹ፣ የከሰል ካውያውን እያራገበ ሲያስነጥስ የሚውል። እኛ ዘምዛሚዎች ከሁሉ በታች ነን፤ ቁልፍ እንተክላለን፣ ጫፍ እናጥፋለን፣ ክር እንለቅማለን። ጋሽ ከድር ጥራት ተቆጣጣሪ ስለሆኑ ሁሉም ሥራ በእጃቸው ያልፋል።

ጋሽ ከድር ከስልጤ አገር መጥተው ገበያው ውስጥ የራሳቸውን ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ። ማኅበሩ ሲቋቋም መኪናዎቻቸውን ይዘው በፈቃዳቸው ገቡ። በፈቃዳቸው ማለት ምን ማለት እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። አንዳንዴ በድሮ መኪናቸው አጠገብ ሲያልፉ ጎማዋን በእጃቸው ሲነኩ አያቸው ነበር። የሚሰፋባት ሰው ቀና ሲል እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ።

ሊቀ መንበራችን ጓድ ታምራት ነበር። ፊቱ ስቆም አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን ይቅርብኝ። ስፌት አያውቅም፣ አያውቅም ተብሎም አይታማም፤ የተላከው ለስብሰባ ነው። ጠዋት ጠዋት በመኪናዎቹ መሃል እየተንጎራደደ «ምርት! ምርት!» ይላል። ምርት መቆሙን ለማወቅ ጆሮው ብቻ ይበቃው ነበር፤ መኪና ዝም ካለ ይቆጣል። እጅ ሥራ ድምፅ ስለሌለው እኛን ሁልጊዜ ሥራ ፈተን የተቀመጥን ይመስለው ነበር።

ማኅበሩ የተማሪና የሠራተኛ ዩኒፎርም ይሰፋል። ከቆራጩ ጠረጴዛ ሥር ካኪ፣ ቴትሮንና አቡጀዲ ቁርጥራጭ ይከመራል። ጋሽ ከድር ይህ ሁሉ ሲቃጠል ማየት አልቻሉም፤ ቁርጥራጩን ገጣጥመን የአልጋ ልብስ እንድንሠራ ጠየቁ። የከተማው ሰው ድሪቶ ይለዋል። ጓድ ታምራት ድሪቶ የሚለው ቃል የድሮ ሥርዓት ድህነትን ያስታውሳል ብሎ ስሙን «የቁርጥራጭ አልጋ ልብስ» አደረገው። እኔ የክፍሉ ኃላፊ ሆንኩ። ኃላፊ ብባልም ከእኔ በታች ያሉት ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ሁለቱም በዕድሜ እናቶቼ።

አሠራሩን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ድሪቶ ሦስት ድርብ ነው። ከላይ የተገጣጠመው፣ ከመሃል የተባዘተ ጥጥ፣ ከታች የአቡጀዲ ገበር። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዘው ጥልቅ ስፌት የሚጀመረው ከመሃል ነው፤ ከዳር ከጀመራችሁት ጨርቁ መሃል ላይ ተጨማዶ ይቀራል። ስለዚህ መሃሉ ላይ የምታስቀምጡት ጨርቅ ቀድሞ ይመረጣል፤ ሌላው ሁሉ ለእሱ ይሠራል። ደንበኞች ይህን ሲያውቁ የየራሳቸውን ጨርቅ ማምጣት ጀመሩ፤ አንዷ የሙሽርነት የከፈይ ቀሚሷን ቁራጭ፣ ሌላዋ የባሏን ከረባት።

እማማ ባሎቴም እንዲሁ መጡ። ከጋሞ ደጋ ወርደው አዋሳ የኖሩ የሸማኔ ቤተሰብ ናቸው፤ ባላቸው ሞተው አንድ ልጃቸው ታደለ ሸመናውን ይዞ ነበር። እሳቸው ሲፈትሉ እሱ ይሠራ ነበር። ታደለን አላውቀውም ነበር፤ ሥራውን ግን ገበያ ላይ አውቃለሁ፤ ጥለቱ ላይ ቢጫና አረንጓዴ የሚያሳልፍበት የራሱ መንገድ ነበረው።

እማማ ባሎቴ ጨርቁን ከደረታቸው አወጡ። ክንድ ተኩል የምትሆን ሸማ ናት። ግማሽ ድረስ ተሠርታለች፣ ጥለቱ መሃል መንገድ ላይ ቆሟል። ከዚያ በኋላ ማግ የሌለው ድሩ ብቻ፣ ነጭ ክሩ እንዳለ ተንጠልጥሏል።

«አረንጓዴ ክር አለቀብኝ ብሎ ገበያ ወጣ» አሉኝ። «መጣሁ ብሎኝ ነው የወጣው። ገበያው ላይ አፈሳ ነበር።»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ለብሔራዊ ውትድርና ከየገበያው የሚታፈሱትን ወጣቶች የማያውቅ ሰው አዋሳ ውስጥ አልነበረም። ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። የሸመና ዕቃው የነበረበትን ክፍል ቀበሌው ለሌላ ሰው ስለሰጠው እሳቸው ሸማውን ከነድሩ ከዕቃው ላይ ቆርጠው አወጡት።

«ሣጥን ብከተው ብል ይበላብኛል» አሉ። «በድሪቶ መሃል አድርጊልኝ። አልጋው ላይ አነጥፈዋለሁ። በየጠዋቱ አራግፈዋለሁ፣ አየዋለሁ።»

«እሺ እማማ። ጫፉን አጥፌ...»

እጄን ያዙኝ። የፈታይ ጣት ጠንካራ ነው። «ጫፉን አትንኪ! ክሩ እንዲህ ይሁን። ሲመጣ አዲሱን ድር በዚህ ላይ ቋጥሮ ይቀጥላል። አባቱም እንደዚያ ነበር የሚሠራው። ድሩን እኔ ነኝ የፈተልኩት፤ እንዲህ ያለ ቀጭን አሁን ዓይኔ አይፈትልም።»

ሸማኔ አሮጌውን ድር የማይጥለው ለዚህ ነው፤ አዲሱን ክር ባንድ ባንድ ከአሮጌው ጫፍ ጋር እየቋጠረ ያስከትለዋል። ጫፉ አጭር ከሆነ ቋጠሮ አይይዝም። እኔ ይህን የማውቀው ከሰፈራችን ሸማኔዎች ነው። ለልብስ ሰፊ ግን ክፍት ጫፍ ማለት ያላለቀ ሥራ፣ ከዚያም ሲከፋ ነውር ነው።

ስንት ጊዜ እንዳነጠፍኩት አላስታውስም። ነጭ ክሩ በነጭ ላይ ስለሚጠፋ ዙሪያውን ጥቁር ካኪ አደረግሁለት። የተሠራውን ክፍል በሦስት ጎን ዓይን በማያየው ስፌት ያዝኩት፤ አራተኛውን ጎን ተውኩት። ክሮቹን በትንንሹ ቡድን ለይቼ፣ ሳልቋጥር፣ በካኪው ላይ ለቀቅኳቸው፤ ጥልቅ ስፌቱንም በክሮቹ መሃል እየተሽሎከለኩ አሳለፍኩት። አንዲት ክር በመርፌ ብነካ ኖሮ እማማ ባሎቴ ያውቁብኝ ነበር። ከካኪው ውጭ ያለውን ዙር ከሰማያዊና ከአረንጓዴ ቴትሮን ገጠምኩት። ሲያልቅ ቆሜ አየሁት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራሁም፣ ከዚያም ወዲህ አልሠራሁም።

ጋሽ ከድር ለቁጥጥር ሲመጡ ክፍቱ ጫፍ ላይ ቆሙ። ምክንያቱን ከነታሪኩ ነገርኳቸው። ጠመኔያቸውን ከጆሯቸው አውርደው በጣታቸው አሽከረከሩት። «ገብቶኛል» አሉ። «ግን ዓይኔን ያሳክከኛል።» ሁለታችንም ሳቅን።

የአብዮቱ በዓል ደርሶ ማኅበራት ሁሉ በባህል አዳራሹ ምርታቸውን እንዲያሳዩ ተባለ። ጓድ ታምራት የሚታይ ነገር ፍለጋ ክፍል ለክፍል ሲዞር የእማማ ባሎቴን ድሪቶ አየ። «ይኼ ይሄዳል» አለ።

«የሰው ዕቃ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ባለቤቷ ነገ ሊወስዱት ነው።»

«ባለቤቷን ጥሪያቸው።»

እማማ ባሎቴ መጡ። የልጃቸውን ነገር ከእኔ የሰማው ጓድ ታምራት ወንበር ሳበላቸው፤ ለማንም ወንበር ሲስብ አይቼው አላውቅም። «የልጅዎ ሥራ በአዳራሽ ይሰቀላል። ስሙ ተጽፎ ሕዝብ ያየዋል። ለእናት አገሩ ከዘመተ ልጅ ሥራ የበለጠ ምን አለ?» አላቸው። እማማ ባሎቴ ዘመተ ሲባል ወደ እኔ አዩ። ከዚያ «ስሙ ይጻፋል?» ሲሉ ጠየቁ። «በትልቁ!» አለ። «እንግዲያው ይሁን። ክሩን ግን ማንም አይንካብኝ» አሉ። «ማን ይነካል እናቴ?» አላቸው።

በበዓሉ ዋዜማ ግን መጥቶ ክፍቱን ጫፍ በጣቱ ጠቆመ። «ይኼን ጨርሽው።»

«አላለቀም እኮ፣ እንዳያልቅ ተብሎ ነው የተተወው። ቃል ገብተውላቸዋል።»

«ከአዲስ አበባ ጓዶች ይመጣሉ። ክር የተንጠለጠለበት ዕቃ አሳይቼ ማኅበሩ ሥራ አይጨርስም ልባል?»

«እኔ አልቆርጥም» አልኩት። በዚያን ጊዜ አልቆርጥም ማለት ቀልድ አልነበረም። ትክ ብሎ አየኝና «አንቺ ወደ አዳራሹ ሂጂ፣ መፈክር የሚሰቅሉትን ሴቶች እርጂ» አለኝ። ድሪቶውን አጥፌ ጋሽ ከድር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና «አደራዎን፣ ማንም እንዳይነካው» ብያቸው ሄድኩ። ከእሳቸው ሌላ የማምነው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሽ ስገባ ድሪቶው ከመድረኩ አጠገብ ተሰቅሏል። ከሩቅ ሳየው ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሽም። ስቀርብ ክሮቹ የሉም። አራተኛው ጎን ታጥፎ ተዘምዝሟል። እንዴት ያለ ዘምዘማ! ስፌቱ አይታይም። በእጄ ዳስሼ ነው ያገኘሁት።

ጋሽ ከድር በክብር ልብሳቸው ቆመዋል። ሮጬ ሄጄ «ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«ጓድ ታምራት አዘዘኝ» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሊያጽናኑኝ ብለው፣ «እኔ እንጂ ሌላ ሰው ቢይዘው ኖሮ በመኪና ደብድቦ ያበላሸው ነበር። ሌላ ክር አላስገባሁበትም። የራሱን ድር ቆርጬ፣ በሰም አሽቼ፣ በእሱ ነው የዘመዘምኩት። ለዚያ ነው ስፌቱ የማይታየው» አሉኝ።

በሥራቸው ኮርተው ነበር የሚነግሩኝ። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

እማማ ባሎቴ አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ከድሪቶው በታች ካርቶን ላይ የማኅበሩ ስም፣ ከሥሩም «ከቁርጥራጭ ወደ ምርት» የሚል ተጽፏል። ማንበብ ስለማይችሉ አንደኛዋን ጎረቤታቸውን «የትኛው ነው ታደለ የሚለው?» አሏት። ሴትየዋ ፈልጋ ፈልጋ «የለም» አለች።

ከዚያ ቀና ብለው ጨርቁን አዩ። ጠጋ አሉ። አንዱ ዘበኛ «እናቴ አይነካም!» አላቸው። አልሰሙትም፤ ጣታቸውን በታጠፈው ጫፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት።

«ማን ጨርሱት አላችሁ?» አሉ፣ ጮክ ብለው አይደለም። «የሚጨርሰው እሱ ነበር።»

ማልቀስ ፈለግኩ፤ እሳቸው ሳያለቅሱ ለማልቀስ ደግሞ አፈርኩ። በዚያው ሰዓት እንግዶቹ ገቡና ጭብጨባ ተጀመረ፤ ዘበኛው እማማ ባሎቴን በትከሻቸው ይዞ ወደ ግድግዳው ገፋቸው። ከአዲስ አበባ የመጡት ጓድ ድሪቶው ፊት ቆመው «እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው!» አሉ። ማኅበራችን የምስክር ወረቀት ተሸለመ። ጓድ ታምራት ጋሽ ከድርን አቀፋቸው።

እማማ ባሎቴ ድሪቶውን ከትዕይንቱ በኋላ ወሰዱት፤ ስሰጣቸው ሰላምታዬን አልመለሱልኝም። ጥቂት ሰንብተው ተመልሰው መጡ። ታጥቦና ታጥፎ ነበር ያመጡት። ሲዘረጉት መሃሉ የለም። የታደለን ጨርቅ አንድ ቦታ ሳይቀዱ፣ የእኔን ስፌት ባንድ ባንድ ተርትረው አውጥተውታል። ቀዳዳው በካኪው መሃል አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል፤ ከሥሩ ጥጡ ይታያል።

«ይኼ የእናንተ ነው። የእኔን ወስጃለሁ» አሉኝ።

ተከትዬአቸው ወጣሁ። በር ላይ ቆም ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ከዘምዘማው የተረተሩትን ክር ሰብስበው ቋጥረውታል፤ ሰም የጠጣ፣ የተጠማዘዘ ቁርጥራጭ። ጎረቤት ላለ ሸማኔ አሳይተውት ነበር። «ለቋጠሮ አይደርስም አለኝ» አሉ። ከዚያ፣ እኔን ሳይሆን መንገዱን እያዩ፣ «አንቺ እንኳን አልቆረጥሽውም፤ አውቃለሁ» አሉኝ። ለቆረጠው ሰው ያስረከብኩት እኔ ነበርኩና ይህን ማለታቸው ከስድብ የባሰ አቃጠለኝ።

ጓድ ታምራት ቀዳዳውን ሲያይ የተናደደው በአሮጊቷ ነው። «የተሸለመ ዕቃ! በቀይ ጨርቅ ድፈኚው፣ ቢሮዬ ይሰቀላል» አለኝ። ደፈንኩት። ባልደፍነው ኖሮ ሌላ ሰው ይደፍነው ነበር፤ ደፍኜውም ግን ለብዙ ጊዜ ቢሮው ስገባ ዓይኔን ወለል ላይ እጥል ነበር። ከጋሽ ከድር ጋር ከዚያ በኋላም አብረን ሠራን፣ ስለ ሥራ አወራን። እንደ አባቴ ማየቱ ግን ቀረ። አንድ ቀን «ልጄ፣ ያዘዙኝን ነው ያደረግሁት» አሉኝ። «አውቃለሁ» አልኳቸው። ይቅርታ አላሉኝም፣ እኔም ይቅር አላልኩም።

ጦርነቱ አልቆ ወታደሮቹ በከተማችን በኩል ወደየአገራቸው ሲያልፉ፣ እማማ ባሎቴ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆመው የእያንዳንዱን ፊት ሲያዩ አየኋቸው። ጫማ የሌለው፣ ካኪው የተቀደደ፣ በዱላ የሚሄድ ያልፋል። ውኃ ይሰጣሉ፣ ስም ይጠይቃሉ። የታደለን ስም የሚያውቅ አልተገኘም። ታደለ አልመጣም።

በኋላ የራሴን መኪና ገዝቼ ለብቻዬ ሠራሁ። ብዙ ሰው ብዙ ጨርቅ አምጥቶልኛል። ሜትሬን ከማንሳቴ በፊት ከጨርቁ የቱ ቦታ እንዳይነካ እንደሚፈልጉ እጠይቃለሁ። ከነገሩኝ በኋላ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ድረስ ለማሳያም፣ ለሽልማትም፣ ለአለቃም፣ የእኔ ለምለው ሰውም ቢሆን አሳልፌ አልሰጥም። እናንተም አትስጡ።